በጥቁር ካርቶን ላይ ያልተጻፈው ስም

እስከ ዛሬ በየሳምንቱ የተከታተላችሁኝ፣ ኒሻድን ከኔ ባልተናነሰ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ገና ለምትቀላቀሉን ግን ቸኩዬ ልንገራችሁ፤ የዛሬው ነገር ረጅም መግቢያ አይታገሥም።

ቪላስ እባላለሁ። ቦምቤይ ውስጥ፣ ላልባግ በሚባለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሰፈር ነው ያደግሁት። ከተማችን ባለፈው ዓመት ሙምባይ ተብላለች፤ አፋችን ግን ገና አልለመደም። ቤታችን ቻውል ነው፤ አንድ ክፍል ለአንድ ቤተሰብ፣ አንድ በረንዳ ለሃያ ቤተሰብ። ቀን ቀን ግራንት ሮድ በሚገኝ ሥራ ቤት የፊልም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ፊደል እጽፋለሁ። በተረፈኝ ጊዜ ግጥም እጽፋለሁ። ኒሻድ የአልማዝ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ቤታቸው ኮረብታው ላይ ሆኖ ባሕሩን ቁልቁል ያያል። መኪና እያላቸው ባቡር የሚሳፈረው ሰው ማየት ስለሚወድ ነው። እሱ አንደኛ ማዕረግ፣ እኔ ሁለተኛ፤ በመሀላችን የብረት መረብ አለ። ሰባት ወር ሙሉ በዚያ መረብ ተያየን። በስምንተኛው ወር አንድ ግጥም በቀጭኑ ጠቅልዬ በቀዳዳው አሾለክሁለት፦

ትኬትህ ውድ ነው፣ የኔ የድሃ ነው፤
መረቡ ብረት ነው፣ ዓይናችን ውሃ ነው።
ተቆጣጣሪው ማነው፣ ማነው የሚቀጣ፣
ወንዝ ባንተ ገብቶ፣ በኔ በኩል ቢወጣ?

በማግስቱ ሁለተኛ ማዕረግ ትኬት ቆርጦ፣ በሰው ተጨፍልቆ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ አጠገቤ ቆሞ አገኘሁት። «መልሴ ይኸው» አለኝ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነን።

ከደብተሬ ስድስት ግጥም መርጦ የአሥራ አራት ደቂቃ ፊልም ሠራ። ስለ እኛ ነው፤ በዚህች ከተማ ወንድ ሆነን ወንድ ስለምንወድ ሰዎች። በባቡር፣ በፀጉር አስተካካዩ ወንበር፣ በሻይ ቤቱ ጥግ፣ በባሕር ዳሩ ግንብ ላይ ስለምንኖረው ኑሮ። ሕጉ ወንጀል ይለዋል፤ ለሳንሱር ቢላክ ተመልሶ እንደማይመጣ እናውቃለን። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ለምናምናቸው ሰዎች ብቻ፣ በአንድ ትንሽ አዳራሽ ልናሳየው ቀጠርን። የቀረው የስሞቹ ካርድ ብቻ ነበር። እዚያ ላይ ነው ሁሉም ነገር የፈረሰው።

*

ሰኞ ጠዋት ኒሻድ የላከው ፖስታ ደረሰኝ። የሥራ ቤታችን ባለቤት ናቢ ቻቻ፣ አጎታችን ናቢ እንደማለት ነው፣ መሰላል ላይ ወጥተው የአንዲት ተዋናይት አፍንጫ ይስሉ ነበር። አፍንጫው ከሳቸው ቁመት ይበልጣል።

በፊልም መጨረሻ የሚታዩት ስሞች እኛ ዘንድ በእጅ ነው የሚጻፉት። ጥቁር ካርቶን ላይ በነጭ ቀለም ይጻፋል፣ ከላይ ካሜራ ተተክሎ አንድ በአንድ ይነሣል። ኒሻድ ካሜራውን ያገኘው ለቅዳሜ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ነው። አሥራ አንድ ካርድ፣ አምስት ቀን። ቀላል ሥራ ነው ብዬ ቀለሜን በጠበጥኩ፣ ዝርዝሩንም ዘረጋሁ።

የዳይሬክተሩ ስም አለ፤ ኒሻድ ቫካሪያ። የካሜራ ባለሙያው አለ። ሙዚቃ የሠራችው ልጅ አለች። አራተኛው ካርድ ላይ ስደርስ «ግጥም፦ ከአንድ ገጣሚ ደብተር» ይላል።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምናልባት ጀርባው ላይ ይሆናል ብዬ ወረቀቱን ገለበጥኩት። ባዶ ነው። ከፖስታው ውስጥ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ወደቀች፤ የኒሻድ እጅ ጽሕፈት ናት። «ቪሉ፣ አራተኛው ካርድ ላይ ስትደርስ ብሩሽህን እንዳትወረውር። ምክንያት አለኝ። ስንገናኝ አስረዳሃለሁ።»

ወረወርኩት።

«አንተ!» አሉ ናቢ ቻቻ ከመሰላሉ ላይ። «ሴትዮዋን ኩፍኝ አስያዝካት እኮ! ምን ሆነህ ነው?»

«ይቅርታ ቻቻ። ስሜን ዘለለው።»

«ማን?»

«ደንበኛው።»

«ደንበኛው!» ሳቃቸው መሰላሉን ነቀነቀው። «በየሁለት ቀኑ እየመጣ፣ ቀለም ሳይገዛ ቀለም ሲያሸት የሚውለው ደንበኛ? ሸመገልኩ እንጂ አልታወርኩም ቪላስ።»

ደነገጥኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠንቅቄ የደበቅሁት የመሰለኝ ነገር ለካ መሰላል ላይ ሆኖ ይታያል። እሳቸው ግን የተዋናይቷን ጉንጭ በጨርቅ እየጠረጉ ቀጠሉ።

«አርባ ዓመት የሌላ ሰው ስም ስጽፍ ኖርኩ። እዚህ ከተማ ውስጥ እጄ ያላረፈበት ሰሌዳ የለም፣ ስሜ ያለበት ግን አንድም የለም። የኔስ አልፏል፤ አልቆጭም ብልህ ግን ውሸት ነው። አንተ ገና ሃያ ስምንት ዓመትህ ነው። ሄደህ ጠይቀው። ከሴትዮዋ ጋር ምን ያጣላሃል?»

ያን ቀን አሥሩን ካርድ ጽፌ ጨረስኩ፤ አራተኛውን ግን ባዶ ጥቁር እንደሆነ ግድግዳ ላይ አስደገፍኩት። የገዛ እጄ የኔን አለመኖር እንዲጽፍ የታዘዘ ያህል ተሰማኝ። ያዘዘው የምወደው ሰው መሆኑ ደግሞ አንገበገበኝ።

*

ማክሰኞ ከሥራ በኋላ፣ እንደ ልማዴ ሁለት ቫዳ ፓቭ ገዝቼ ኒሻድ ፊልሙን ወደሚቆርጥባት ጠባብ ክፍል ሄድኩ። ቫዳ ፓቭ ዳቦ ውስጥ የገባ የተጠበሰ ድንች ነው። የኒሻድ ቤተሰብ የጃይን ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው፤ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ነገር ቤታቸው አይገባም። ድንች ያስለመድኩት እኔ ነኝ። «ገሃነም አብረን ነው የምንገባው፣ ቃሪያ ጨምርበት» ይለኝ ነበር።

በሩን ስከፍት ከጠረጴዛው ቀና ብሎ ፈገግ አለ። ያን ቀን ግን ፈገግታውን አልመለስኩለትም።

«የኔስ?» አለ ባዶ እጄን እያየ።

«በልቼዋለሁ።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም። ደብተር መሆን ያስርባል።»

ፈገግታው ጠፋ። «ቪሉ፣ ተቀመጥ እስቲ።»

«አልቀመጥም። አንተ የሱቃችሁን ስም ይዘህ ስክሪኑ ላይ ትወጣለህ። ሻይ ሲያመላልስ የነበረው ሰውዬ እንኳ ስሙ አለ፣ ዘጠነኛው ካርድ ላይ፣ ራሴ ነኝ የጻፍኩት! እኔ ጋ ሲደርስ ደብተር? ምነው፣ የላልባግ ሰው ስም ኮረብታችሁ ላይ ጆሮ ይቆረቁራል?»

«እንደዚህ ነው የምታስበኝ?» አለ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«ምን ብዬ ላስብህ? ንገረኛ!»

«ከሁለት ሳምንት በፊት ደብተርህን ልመልስ ቻውላችሁ መጥቼ ነበር። አንተ አልነበርክም፤ አባትህ አስገቡኝ። ሻይ አፈሉልኝ። ስለ ፋብሪካው ሲያወሩኝ ስለ ስሙ ዝርዝር ነገሩኝ። ‹ስሜ አንዴ በሰው ፊት ተለጥፏል፤ ሁለተኛ እንዲለጠፍ አልሻም› አሉኝ። እኔ ምን ላድርግ ቪሉ? ስምህ መሀል ላይ እሳቸው አሉ።»

እዚህ ላይ ነገሩ ገባኝ። እኛ ማራቲዎች፣ የነኒሻድም ወገን እንደዚሁ፣ ሙሉ ስማችን ሦስት ነው፤ የራስ፣ ቀጥሎ የአባት፣ መጨረሻ የቤተሰብ። ቪላስ ጋዋስ የሚባል ላልባግ ውስጥ እኔን ጨምሮ ሦስት ሰው አለ። መሀሉ ላይ «ዶንዱ» ካልገባ እኔ የለሁም። ዶንዱ ድንጋይ ማለት ነው። ከአባቴ በፊት የተወለዱት ሁሉ ስለሞቱ፣ አያቴ ሞት እንዳይመኛቸው ብለው ያወጡላቸው የባላገር ስም ነው። ተማሪ ቤት ስንት ተስቆብኛል! ግጥሞቼ ሥር እንኳ «ቪ. ዶ. ጋዋስ» እያልኩ አሳጥሬ እፈርም ነበር።

የስሙ ዝርዝር ደግሞ ይህ ነው። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ በታላቁ የሥራ ማቆም አድማ ጊዜ፣ የተባረሩት ሠራተኞች ስም ፋብሪካው በር ላይ ተለጠፈ። አባቴ ሃያ ስድስት ዓመት ሸማኔ ነበሩ። ስማቸውን እዚያ በር ላይ ካዩ ወዲህ በዚያ መንገድ አልፈው አያውቁም፤ ገበያ እንኳ የሚሄዱት ዞረው ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። ድምፄ በርዷል።

መልሱን ከመስማቴ በፊት ዓይኔ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ያለች የሻይ ብርጭቆ ላይ አረፈ። የጥርስ ብሩሽ ተሰክቶባታል። ጎንበስ ስል ከጠረጴዛው ሥር ሻንጣ አየሁ፤ ከሻንጣው ላይ የተጠቀለለ አንሶላ።

«ኒሻድ፣ ይህ ምንድነው?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ከቤት ከወጣሁ ዘጠኝ ቀን ሆነኝ። የፊልሙን የመጥሪያ ካርድ አባቴ አገኘው። ስሜን ከፊልሙ እንዳወጣ ጠየቀኝ። ወይ ስሙ፣ ወይ ቤቱ አለኝ።»

«እና?»

«እና የጥርስ ብሩሼን ይዤ ወጣሁ። የመሀል ስሜን ግን፣ የሱን ስም፣ ሳይፈቅድልኝ መጻፍ አልቻልኩም። እኔ ያጣሁትን አንተም እንዳታጣ ፈራሁ። ያንተ አባት እኮ ሻይ ያፈላሉ።»

አቅፌው ማልቀስም አማረኝ፣ አንገቱን ማነቅም አማረኝ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም እኩል አማሩኝ።

«ስማኝ» አልኩት በመጨረሻ። «አንተ ለስምህ ቤት ከፈልክ። እኔ ምን እንደምከፍል ግን አንተ ወሰንክልኝ። አባቴን የማጣ ከሆነ እኔ ልጣቸው። አንተ ቀድመህ አትጣልኝ።»

ግንባሩን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ሸሚዜ ረጠበ። ዘጠኝ ቀን ወለል ላይ እየተኛ ለኔ አባት ሲጨነቅ የነበረን ሰው ነው በኮረብታው የሰደብኩት፤ በራሴ አፈርኩ።

*

ቻውል ውስጥ ምሥጢር የሚወራው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ሬድዮ ከፍ ይደረጋል። ችግሩ፣ ሬድዮ ከፍ ሲል በረንዳው በሙሉ ምሥጢር እንዳለ ያውቃል።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ አባቴ በር ላይ ተቀምጠው ትንባሆአቸውን ከኖራ ጋር በመዳፋቸው ያሹ ነበር። «ባባ፣ ይግቡ እስቲ» አልኳቸውና ሬድዮውን ከፍ አደረግሁት። እጃቸው ቆመ። ጎረቤታችን ሱሺላ ካኪ ድስት ማማሰል ስታቆም በግድግዳው በኩል ሰማሁ።

«ባባ፣ የዚያን ቀን ደብተር ሊመልስ የመጣው ልጅ…»

«ሻዩን ከነአተላው የጨለጠው?»

«እሱ። ጓደኛዬ ብቻ አይደለም።»

ሬድዮው ስለ ዝናብ ይናገራል።

«ወንድ ነኝ ባባ፣ ወንድ እወዳለሁ። እሱን እወደዋለሁ። ሙሽራ አመጣለሁ ብለው ሲጠብቁ እንዳይኖሩ። እሱ ከግጥሞቼ ፊልም ሠርቷል፣ ስለ እኛ ዓይነት ሰዎች። እሑድ ሰው ፊት ይታያል። ስሜን ልጽፍበት እፈልጋለሁ። የርስዎን ሳልጽፍ ደግሞ የኔን መጻፍ አልችልም። ስምዎ ሁለተኛ በሰው ፊት እንዲለጠፍ እንደማይፈልጉ ሰምቻለሁ። ፈቃድዎን ልጠይቅ ነው። አይሆንም ካሉ አልጽፍም።»

አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ሬድዮውን አጠፉት። በረንዳው ላይ ትንፋሽ የለም፤ የሱሺላ ካኪ ድስት እንኳ ጭጭ ብሏል።

«ያ ልጅ አባት አለው?» አሉ።

«አለው። ከቤት አስወጥቶታል።»

ምንጣፋቸውን አንጥፈው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ።

ሐሙስ አላናገሩኝም። ጠዋት ስነሣ ግን ሻዬ እንደ ወትሮው በማስቀመጫ ሳህኑ ተከድኖ ተቀምጧል። ዓርብ ጠዋትም እንደዚያው፤ ሻይ አለ፣ ቃል የለም። እናቴ ካረፈች ጀምሮ ያንን ሻይ አንድም ቀን አጓድለው አያውቁም። ተስፋ ይሁን ልማድ መለየት አቃተኝ።

*

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ጥቁሩን ካርቶን ከግድግዳው አንሥቼ ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። ካርዱ በማግስቱ መድረስ አለበት። ብሩሼን ነጩ ቀለም ውስጥ ነከርኩና እጄ አየር ላይ ቀረ። «ከአንድ ገጣሚ ደብተር» ልል ነው? ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ያለ ፈቃድ አልጽፍም ብያለሁ። ቀለሙ ብሩሹ ላይ ሊደርቅ ነው።

«እንግዳ መጥቷል» አሉ ናቢ ቻቻ።

በሩ ላይ አባቴ ቆመዋል። ነጭ ቆባቸውን አድርገዋል፣ ለሠርግ ብቻ የሚወጣውን ሸሚዛቸውን ለብሰዋል፤ በፀሐይ አልቧቸዋል። አሥር ዓመት እዚህ ስሠራ አንድ ቀን መጥተው አያውቁም። ናቢ ቻቻ ከመሰላላቸው ወርደው ወንበር ሰጧቸው፤ አልተቀመጡም።

«በበሩ በኩል መጣሁ» አሉ።

የትኛው በር እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ የፋብሪካው ነው።

«ሰሌዳው አሁንም አለ። ዝጓል፤ ምንም አልተለጠፈበትም። ቆሜ አየሁት።» ቆባቸውን አውልቀው ላባቸውን ጠረጉ። «ያኔ ስሜን የለጠፈው ሊያዋርደኝ የፈለገ ሰው ነው። አንብቤ እንኳ ሳልጨርስ ሸሸሁ። ከገዛ ስሜ አሥራ አራት ዓመት ስሸሽ ኖርኩ። አንተም ተማሪ ቤት ‹ዶ› ብቻ እያልክ ስታሳጥረው አውቃለሁ፤ አላውቅም መስሎህ ነበር?»

መሬቱን አየሁ። ስንት ጊዜ ደብቄዋለሁ!

«ያንተ ነገር አልገባኝም ቪላስ። ይገባኛል ብዬም አልዋሽህም። ከፍቶኛል፤ ነገም ይከፋኝ ይሆናል። ግን ሁለት ሌሊት አሰብኩት። የዚያ ልጅ አባት ስሙን ልጁ ላይ ቆልፎበታል፤ እኔ እንደሱ መሆን አልፈልግም። ጠላት የለጠፈው ስምና ልጄ የሚጽፈው ስም አንድ አይደለም። ጻፈው። ‹ዶ› ብለህ እንዳታሳጥረው፣ ሙሉውን!»

ብሩሼን እንደገና ነከርኩ። ፊደሎቻችን ከላይ ከአንድ አግድም መስመር ይንጠለጠላሉ። መጀመሪያ መስመሩን ሳብኩት።

«ቁም» አሉ አባቴ፣ ትከሻዬ ላይ አጎንብሰው። «በስተቀኝ ረገብ ብሏል። ድር ቢሆን ጨርቁ ይበላሽ ነበር።»

«ሸማኔ ፊደል ጸሐፊ ሲያርም አየሁ!» አሉ ናቢ ቻቻ። «ግን እውነታቸውን ነው፤ ረግቧል።»

አስተካከልኩት። ከዚያ ቪላስ ብዬ ጻፍኩ። ዶንዱ ብዬ ጻፍኩ፣ እያንዳንዷን ፊደል አወፈርኳት። ጋዋስ ብዬ ጨረስኩ። አባቴ ጣታቸውን ካርቶኑን ሳያስነኩ በፊደሎቹ ላይ እያስኬዱ፣ እንደ ተማሪ ድምፃቸውን አውጥተው አነበቡ። ሁለተኛዋ ቃል ላይ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ደግመው አነበቧት፣ በዚህኛው ጊዜ ጮክ ብለው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በማንም ኮርቼ አላውቅም፤ በእሳቸውም፣ በራሴም።

*

ቅዳሜ ካርዱን ለኒሻድ ስሰጠው ለረጅም ጊዜ አየው። «ዶንዱ» አለ ቀስ ብሎ፣ ቃሏን እንደሚቀምስ ሰው። ከዚያ ካሜራው ሥር አስቀመጠውና ጀርባውን ሰጠኝ፤ ዓይኑን እንዳላይ ነው። እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ፣ ፍቅር አንዳንዴ እንደዚያም ነው።

እሑድ በአሥር ሰዓት አዳራሹ ሞላ። መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነዋል፤ ስድሳ ወንበር፣ ሰባ ሰው። የባንክ ጸሐፊዎች፣ አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ሁለት የሆስፒታል ነርሶች፣ ከሩቅ ጣቢያ ተሳፍረው የመጡ ሰዎች። ብዙዎቹ ሲገቡ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። እርስ በርስ ሲጨባበጡ እንኳ ግማሽ ስም ነው የሚናገሩት፤ አንዳንዱ የሐሰት ስም ነው። አባቴ አልመጡም። «እሱ ለናንተ ነው» ብለውኛል፤ ግን ሸሚዜን ራሳቸው ተኩሰው ሰጡኝ።

ከኒሻድ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ፊልሙ ተጀመረ። የራሴ ድምፅ በጨለማ ውስጥ ግጥሜን ሲያነብ ሰማሁ፤ የላልባግ አነጋገሬ እንዳለ ነው፣ አንዷንም ቃል አላለሰለሳትም። የባቡሩ ግጥም ላይ ሰው ሳቀ። የፀጉር አስተካካዩ ላይ አንድ ሰው «አቤት!» አለ። የባሕሩ ግንብ ላይ ሲደርስ ከኋላዬ ሰው አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው።

ስሞቹ መጡ። አራተኛው ካርድ ላይ የመጣው የኔ ስም አይደለም፣ የሙዚቃዋ ልጅ ናት። ኒሻድን በክርኔ ጎሰምኩት፤ ዝም በል የሚል ምልክት አሳየኝ። የራሱ ስም እንኳ ከመሀል ገብታ በሦስት ሰከንድ አለፈች። የመጨረሻው ካርድ የኔ ነበር። ቪላስ ዶንዱ ጋዋስ፤ ነጭ በጥቁር ላይ፣ ግድግዳውን ሞልቶ። ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ዘጠኝ ሰከንድ ቆየ። ከዚያ ስክሪኑ ጨለመ።

መብራት አብሪው ሊነሣ ሲል ከኋላ ወንበር የሽማግሌ ድምፅ «ቆይ፣ አታብራ» አለ። ጡረተኛው መምህር ናቸው፤ በግማሽ ስማቸው «አና» ነበር የምንላቸው።

«አናንት ቪትሃል ራኔ» አሉ በጨለማው ውስጥ። «ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ሙሉ ስሜን እንደዚህ ዓይነት ቦታ ተናግሬው አላውቅም።»

ማንም አላጨበጨበም። ከመሀል ሌላ ድምፅ መጣ፤ «ኢምቲያዝ ጉላም ፓርካር።» ከግድግዳው ጥግ፤ «ሲልቬስተር አግኔሎ ሬሜዲዮስ።» ከዚያ ተከታተለ፣ አንዱ የሌላውን ጫፍ እየያዘ፤ ከነአባታቸው፣ ከነቤተሰባቸው። አንዳንዱ ሲጀምር ይንተባተባል፣ ሲጨርስ ግን ድምፁ ወፍሮ ነው። አባቶቻቸው የማያውቋቸው ልጆች የአባቶቻቸውን ስም ይጠራሉ። እንባዬ አገጬ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልጠረግኩትም።

ድምፆቹ እየሳሱ ሄዱና ጸጥ አለ። ያልተናገረ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፣ እሱም አጠገቤ ነው። ወንበሩ ሲጥ ሲል፣ ተነሥቶ ሲቆም ሰማሁት።

«መብራቱን አብሩት» አለ።

«ኒሻድ…» አልኩ።

«አብሩት!»

መብራቱ በራ። ሰባ ሰው ዓይኑን እያሸ አየው። ፊቱ ርሷል፣ ሸሚዙ ተጨማትሯል፤ ሻንጣ ውስጥ የከረመ ሸሚዝ ነው። የአንዳቸውንም ዓይን አልሸሸም።

«ስሜ ኒሻድ…» መሀሉ ላይ፣ ያቺ ካርዱ ላይ ያልደፈራት ቃል ላይ ቆመ። ተነሣሁና በሁሉም ፊት እጁን ያዝኩት። ጣቶቹ በረዶ ሆነው ነበር።

«ኒሻድ ፕራቦድ ቫካሪያ» አለ። «የፕራቦድ ልጅ ነኝ። ቢያስወጣኝም ልጁ ነኝ።»

ያኔ ነው አዳራሹ በጭብጨባ የተናጋው። እኔ አላጨበጨብኩም፤ እጄን አልለቀቀኝም ነበር።